የትምህርት ቤት ሠራተኛ የክረምት ውሎና የእኛ ስህተት

(እሑድ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



እንደ ወትሮው የገቢና የወጪ ሒሳብ ከመነበቡ በፊት አንድ ጉዳይ እንድናቀርብ ሊቀመንበሩ ፈቅደውልናል። ጉዳዩ የአንዲት ሠራተኛ የአንድ ቀን ውሎ ነው። "የሰው ውሎ ለእኛ ምን ያደርግልናል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ብንበተን አይሻልም ወይ?" የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እባካችሁ ትንሽ ታገሡን። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ንግግር ማሳመር አንችልበትም፤ ያየነውን ግን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንናገራለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐምሌ ወር ነው። ቅዳሜ ሐምሌ 26 ቀን የሰፈራችንን የውኃ መውረጃ ቦይ ለመጥረግ የልማት ሥራ መጥራታችን ይታወሳል። ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲወጣ፣ ያልወጣ 100 ብር እንዲቀጣ ደንባችን ያዛል። በማግስቱ እሑድ በተደረገው ስብሰባ የቀሪዎች ስም ሲነበብ፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት የሚያገለግሉ አንዲት እናታችን ስማቸው ተጠራ። ስማቸውን ዛሬ ደግመን አንጠራም፤ አንዴ መጥራታችን ይበቃል። ያን ጊዜ አንድ ነዋሪ ተነሥቶ፣ "እሳቸው ደግሞ ምን ምክንያት አላቸው? ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው ግማሽ ቀን ቦይ ለመጥረግ ካልወጣ ማን ሊወጣ ነው?" ብሎ ተናገረ። ተሰብሳቢው ሳቀ። እኛም ሳቅን። ቃለ ጉባኤ የምንይዘው እኛ ስለሆንን ሳቃችንን በመዝገብ አልጻፍነውም እንጂ፣ ስቀናል።

እናታችን ምንም አልመለሱም። ሰኞ ጠዋት "የልማት ሥራ ቀሪዎች" የሚል ዝርዝር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። ማክሰኞ 100 ብራቸውን በመሐረብ ቋጥረው አመጡ፣ ደረሰኝ ቆረጥንላቸው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ሻይ ቤት ተገናኘን። ሰውየው ተቆጥቶ ኖሯል፤ ሰላምታችንንም በቅጡ አልተቀበለም። "ያን ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እሳቸውና እኔ የት እንደነበርን ታውቃላችሁ?" አለን። እኛ ምን እናውቃለን? ዓርብ ማታ የጣለውን ዝናብ ግን አልረሳነውም። ሰውየው ሲነግረን በትምህርት ቤቱ የታችኛው አጥር በኩል ያለው ቦይ ሌሊቱን ተዘግቶ ውኃው ወደ ሰፈራችን ሊገነፍል ሲል፣ እሳቸውን ከመኝታቸው ቀስቅሷቸው፣ ሁለቱ ሆነው እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲዝቁ ነው የዋሉት። እኛ ከላይ አካፋ ይዘን ስም እየጠራን ነበር፤ እሳቸው ከታች ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ነበሩ።

ከገንዘብ ያዣችን ጋር ተማክረን፣ በወሬ ከመፍረድ ሄደን እንይ አልን። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደን፣ እናታችንንም ጠይቀን፣ ማክሰኞ ነሐሴ 6 ቀን አብረናቸው ዋልን። መጀመሪያ "ምን ልታዩ ነው? መጥረጊያ አይታችሁ አታውቁም?" ብለው ስቀውብናል።

ከማለዳው 12 ሰዓት ከቤታቸው ደረስን። የሚኖሩት በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብታ ገና አልተመለሰችም። የልጅ ልጃቸው ተኝታለች፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ወጣን። የፍልሰታ ጾም ስለነበረ አፋቸው ላይ ያደረጉት ነገር የለም። የለበሱት ቦቲ ጫማ አንዱ እግር ላይ በጎማ ተለጥፏል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ የገባነው 12 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። የመንግሥት ሥራ የሚጀምረው 2 ሰዓት ከ30 ስለሆነ፣ "ምነው በዚህ ሰዓት?" ብለን ጠየቅን። መልስ ሳይሰጡን ቀጥታ ወደ ታችኛው አጥር ሄዱ።

እዚህ ላይ ስለ ቦዩ ትንሽ ማስረዳት አለብን፤ ብዙዎቻችን ከሰፈሩ ሳንወጣ አርጅተን የውኃውን መንገድ አናውቀውምና። ከላይኛው መንደር የሚመጣው ጎርፍ በአስፋልቱ ዳር ወርዶ በትምህርት ቤቱ የላይኛው አጥር ሥር በቱቦ ይገባል። ከዚያ በግቢው ውስጥ ክፍት ቦይ ሆኖ ያልፍና በታችኛው አጥር ሥር ይወጣል። መውጫው ላይ ሕፃናት ሾልከው እንዳይወጡ የብረት ፍርግርግ ተደርጎበታል። ከፍርግርጉ የወጣው ውኃ በእኛ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ጓሮ አልፎ ወደ ትንሿ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ከላይ የጣልነው ሁሉ ማረፊያው ያ ፍርግርግ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከዚያ የወጣውን በዓይናችን ቆጥረናል፦ ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የበቆሎ ቆሮቆንዳ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ አንድ የተቀደደ ትራስ፣ አንድ እግር ጫማ። ሦስት ማዳበሪያ ሞላ። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ፍርግርጉ ላይ ያለው ፌስታል ግን አዋጅ አያነብም።

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ማለት ሌላው ሰው ትምህርት ቤት ተዘጋ በሚልበት በሁለቱ ወር ውስጥ ነው ያ ፍርግርግ በቀን ሁለት ጊዜ መጠረግ የሚኖርበት። እናታችንን ይህን እንዲሠሩ ያዘዛቸው የለም። በሥራ ዝርዝራቸው ላይ የተጻፈው ቢሮ፣ መማሪያ ክፍልና መጸዳጃ ቤት ነው።

2 ሰዓት ከ30 ሲሆን ፈርመው መዝገብ ቤቱን ከፈቱ፣ ጠረጉ፣ ወለወሉ። ወረፋው ግን ከዚያ በፊት ተሰልፎ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ የምዝገባ ወቅት መሆኑን ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ወላጅ ይመጣል፤ የልጁን ካርድ ረስቷል፣ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት አልያዘም፣ ወይም ፎቶግራፍ ጎድሎታል። ሹሙን መሳደብ ስለሚፈራ በር ላይ ያገኛቸውን የጽዳት ሠራተኛ ይሳደባል። በዓይናችን ያየነውን ነው የምንናገረው። አንድ ሰው፣ የእኛው ሰፈር ሰው ነው፣ ጣቱን እየቀሰረ "እናንተ ክረምቱን ተኝታችሁ እኛን ታመላልሳላችሁ!" አላቸው። እሳቸውም "ጌታዬ፣ ካርዱን ይዘው ይምጡ እንጂ ወረፋዎን እኔ እጠብቅልዎታለሁ" አሉት። ሰውየው ዞር ሲል እኛን አየን፤ ሰላምታ ሰጠን። ምን እንደምንመልስለት ጠፋን።

ከዚያ በኋላ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሄድን። በግቢው 24 ክፍል አለ። የጽዳት ሠራተኞቹ አራት ሲሆኑ አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ ሌላዋ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አገሯ ሄዳለች። በቀሩት ሁለት ሰዎች ነው ክፍሉ ሁሉ ለመስከረም የሚደርሰው። ዴስኮቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ዴስኮቹ ተገልብጠው የተጣበቀው ማስቲካ በቢላ ይፋቃል። ማስቲካ እንዲህ ያለ ጠላት መሆኑን አናውቅም ነበር! ገንዘብ ያዣችን "እስቲ ልሞክር" ብለው ቢላ ተቀበሉ፤ አምስተኛው ዴስክ ላይ ሲደርሱ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ሒሳብ የሚሠሩበት ቀጠሮ እንዳለባቸው ትዝ አላቸውና ሄዱ። (እዚህ ተቀምጠው እየሰሙን ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።)

መካከል ላይ የመጥረጊያው እጀታ ተሰበረ። አዲስ መጥረጊያ ግምጃ ቤት ውስጥ ተደርድሮ በመስኮት ይታያል። ነገር ግን የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አይወጣም፤ ሞዴል የሚፈርመው ሰው ደግሞ ለስብሰባ ክፍለ ከተማ ሄዷል። ሥርዓቱ ለንብረት ጥበቃ የወጣ ስለሆነ አንነቅፈውም፤ እኛም በማኅበራችን አካፋ ያለ ፊርማ አንሰጥም። እናታችን ግን ሳይጨነቁ ከአጥሩ ሥር የወደቀ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አንሥተው፣ ልጠው፣ እጀታ አደረጉት።

አንዳንዱ ሰው የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሁሉ እንደ ተማሪው ሁለት ወር የሚያርፍ ይመስለዋል። እኛም ይመስለን ነበር። በትምህርት ቤት ውስጥ ያለ የአስተዳደር ሠራተኛ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ነው ያለው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀን ሰጥቶ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን እየተጨመረ ከ30 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። መምህሩም ቢሆን ክረምቱን ሁሉ አልጋ ላይ አይደለም፤ ስንቱ ነው በክረምት ትምህርት ዲግሪውን ያገኘ። እንዲያውም ትምህርት ቤት በክረምት ባዶ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቶቻችን ደብተር ይዘው ፊደል የቆጠሩት በክረምት ነበር። ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ልጆቻችንን በነጻ የሚያስጠኑት በእነዚሁ ክፍሎች ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ ማን ይጠርገው?

ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30 የምሳ ሰዓት ሆነ። እናታችን እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ አልተነሡም። እኛም ለይሉኝታ ትንሽ አብረናቸው ቆየን፤ በመጨረሻ አልቻልንምና ሻይ ቤት ሄደን ሽሮ በልተን ተመለስን። ስንመለስ ባዶ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዴስክ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አገኘናቸው። አልቀሰቀስናቸውም። ክረምቱን ሙሉ ተኝተው የሚባለው እንቅልፍ እንግዲህ ይህ ነው፤ በሰዓታችን ሃያ ደቂቃ ያህል ቆጥረናል።

8 ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ፣ በእንጦጦ በኩል ነጎደጎደ፣ ከዚያ ወረደ። በረዶም ነበረበት። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ሁለት ክፍል ውስጥ ጣራው ያፈሳል፤ ባልዲ ተደረገ። አሸንዳው በጽድ ቅጠል ስለተደፈነ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርድ ጀመር፤ ዘበኛው መሰላል አቁሞ ወጣ። እናታችን ግን አንድ ጊዜ ወደ ውጭ አይተው፣ ላስቲክ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መቆፈሪያ ይዘው ወደ ታችኛው አጥር ሮጡ። ተከተልን።

በሕይወታችን ውኃ እንደዚያ ሲነሣ በቅርብ አላየንም። ጠዋት ንጹሕ ያደረጉት ፍርግርግ እንደገና ተሸፍኗል። ውኃው ቦዩን ሞልቶ፣ ሣሩን አልፎ፣ የአጥሩን ሥር መንካት ጀምሯል። እሳቸው ገብተው በመቆፈሪያው ይስባሉ፣ እኛ ከዳር ሆነን የወጣውን እንቀበላለን። ጭቃው እግራችንን ይዞን አንድ ጊዜ ወድቀናል። በኋላ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ ከሥር ተሰክቶ ኖሮ፣ እሱ ሲወጣ ውኃው እንደ በሬ እየጮኸ ወረደ። ቀና ብለን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ታች ስንመለከት ስድስት የቆርቆሮ ጣራ ይታያል፣ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ናቸው። ሦስተኛው የእኛ ቤት ነው። ባለቤታችን ሰፍቶ ያልተሰቀለ ልብስ ከበራፍ ታስገባ ነበር። ልጃችን ደጃፉ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል። ውኃው ወዴት ሊመጣ እንደነበር አንዳቸውም አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ስላለው የቢሮ ሥራ አናንዛዛም፤ ተወለወለ፣ ተቆለፈ፣ 11 ሰዓት ከ30 ተፈርሞ ተወጣ።

አሁን ገበያ ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመንና ምስር ያስፈልጋል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ወደ እኛው ክፍለ ከተማ ወደ ሃይሌ ጋርመንት መምጣቱ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከሰፈራችን ግን ሁለት ታክሲ ነው፤ ማታ በወረፋና በዝናብ ሄዶ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መግዛት ያተረፉትን ለታክሲ መክፈል ነው። እናታችን የሚያደርጉት ጥሩ ዘዴ ነው፦ ከአራት ጎረቤት ጋር ሆነው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ቅዳሜ አንዷን ይልካሉ። የተላከችው በጆንያ ገዝታ ትመጣለች፣ ቤት ውስጥ በሚዛን ይካፈላሉ፣ ታክሲውንም ይካፈላሉ። ያን ሳምንት ተራው ስላልደረሰ በመንገድ ካሉት ጉሊቶች ነው የገዙት።

መጀመሪያ ወደ ሸማቾች ሱቅ ሄድን፣ ዘይት መጥቷል ተብሎ ነበር። ዝግ ነው። እሳቸው ከሥራ የሚወጡበትና ሱቁ የሚዘጋበት ሰዓት አንድ ስለሆነ ዘይት የሚደርሳቸው ልጃቸው ከፈረቃ ወጥታ ሳትተኛ ስትሰለፍ ብቻ ነው። ከጉሊት ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ድንች፣ አንድ እስር ጎመን፣ ሁለት ቃሪያ ገዙ። ዋጋውን አንጽፍም፤ ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ ሳይደርቅ ስለሚለወጥ ውሸታሞች እንባላለን። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል፤ በዚህ ወር ደግሞ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6,000 ብር እንደሚሆን ተነግሯል። ይህ በጎ ነገር ነው። መቼም ጭማሪን ከሠራተኛው ቀድሞ የሚሰማው ገበያ ነውና፣ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ስናገኛቸው "ልጄ፣ እኔ ገና አልተቀበልኩም፣ ሽንኩርቱ ግን ተቀብሏል" ብለውናል።

ትንሽ ቆም ያሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። በከተማችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ማግኘታቸው ብዙ ሸክም ያቃለለ ቢሆንም፣ የልጅ ልጃቸው ባለ ቀለም እርሳስ ፈልጋለች። ዋጋ ጠየቁ፣ ሳጥኑን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። "ለጳጉሜን እንመለሳለን" አሉ ለባለ ሱቁ። ለልጅቷ ከመንገድ ዳር አንድ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው በወረቀት ጠቀለሉላት።

ቤት የገባነው አንድ ሰዓት ከምሽቱ ሊሆን ሲል ነው። እንሂድ ብንል እምቢ አሉ፣ ቡና ሳትጠጡ አይሆንም። ቦቲያቸውን ሲያወልቁ እግራቸው ነጭ ሆኖ ተጨማድዷል፤ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ በጨው አድርጋ የልጅ ልጃቸው አቀረበችላቸው። ልጃቸው ቡና ቆላች፣ ሁለት ጎረቤቶች መጡ። መብራት ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶ መጣ። ከአቦል እስከ በረካ ያለችው ያቺ ሰዓት፣ እግር ሳፋ ውስጥ ሆኖ፣ የዕረፍታቸው ሰዓት እሷ ናት። በዚያች ሰዓት ስለ ሥራ እንዲወራ አይፈልጉም። ስለ ቡሄ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ፣ በዘንድሮ ክረምት ጎመን እንዴት እንዳማረ ይጫወታሉ። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቃቸውን ሰማን፤ ሰው የሚያስቁ ናቸው።

ነገር ግን የሄድንበት ጉዳይ ነበርና ሁለተኛው ስኒ ላይ ደፍረን አነሣነው። "እናታችን፣ ያን ቅዳሜ ቦይ ውስጥ መዋልዎን ለምን በስብሰባው አልተናገሩም?" አልናቸው። "ሲስቁ ምን ብዬ ልናገር?" አሉ። "ብሩስ? ለምን ዝም ብለው ከፈሉ?" ብንል፣ "ብሩ ግድ የለም፣ ለማኅበር ነው" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ልጅቷ እያዩ እንዲህ አሉን፦

"ሰኞ ዕለት ከዚህች ጋር በሰሌዳው በኩል ስናልፍ፣ ማንበብ ስለምትወድ የተለጠፈ ሁሉ ታነብልኛለች። 'እማዬ፣ ያንቺ ስም አለ!' ብላ ደስ ብሏት ጮኸች። ከዚያ ርዕሱን አነበበችው። 'ቀሪ ማለት ምንድን ነው?' አለችኝ።"

እኛ ያን ዝርዝር የጻፍነው በራሳችን እጅ ነው። ርዕሱንም ጎላ እንዲል በቀይ እስክርቢቶ ነበር ያሰመርንበት።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ነሐሴ 10 ቀን ተሰብስቦ የወሰነውን እናሰማችኋለን። የእናታችን ቅጣት ተሰርዟል፤ 100 ብሩ በደረሰኝ ተመላሽ ሆኗል። ሊቀበሉን አልፈለጉም ነበር፣ ደንብ ነው ብለን አስፈርመናል። ስማቸው ቀሪ ተብሎ በተለጠፈበት በዚሁ ሰሌዳ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው በቀይ እስክርቢቶ "በስህተት የተጻፈ" የሚል ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ እስከ መስቀል በዓል አይነሣም። ከእንግዲህ የቀሪዎች ዝርዝር ከመለጠፉ በፊት ከየቤቱ ምክንያት ይጠየቃል። ይህን የምንለው ለእሳቸው ብቻ ብለን አይደለም፤ ከቀሩት ዘጠኝ ሰዎች መካከል ሌላም በሌሊት ሥራ የነበረ ሊኖር ይችላል፣ ጠይቀን አናውቅምና።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለው ፍርግርግ ጥርጊያ ደግሞ እስከ መስከረም አጋማሽ የማኅበራችን ሥራ ሆኖ ተመዝግቧል። ርዕሰ መምህሩ በጠዋት ሁለት ሰው እንዲገባ ፈቅደዋል። ተራው ከታችኛው ረድፍ ቤቶች ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ተራ የእኛ ነው። የላይኛው መንደር ነዋሪዎችም ቆሻሻ በቦይ እንዳትጥሉ፣ የማዳበሪያ መሰብሰቢያው ሰው ሳምንታዊ ቀኑን ስለሚያውቅ እስከዚያ በቤታችሁ እንድታቆዩ እንለምናለን። ለምዝገባ ስትሄዱ የልጁን ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና መታወቂያችሁን አሟልታችሁ ያዙ፤ የጎደለ ካለ በር ላይ ያሉትን ሠራተኛ አትቆጡ።

በስብሰባው ላይ ያን ንግግር የተናገረው ነዋሪ ዛሬ እዚህ አለ። ከስብሰባው በፊት ቀርቦ ራሱ ሄዶ እንደሚያነጋግራቸው ነግሮናል፤ ከዚህ በላይ አንነካካውም።

የሚቀጥለው የልማት ሥራ ቅዳሜ ነሐሴ 24 ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ መሰብሰቢያው በትምህርት ቤቱ የታችኛው አጥር ነው። አካፋና መቆፈሪያ ያለው ይዞ ይምጣ። ማኅበሩ አራት ጥንድ ቦቲ ጫማ ስለገዛ የሌለው ከጸሐፊው ዘንድ እየፈረመ መውሰድ ይችላል። አንዱ ጥንድ፣ ቁጥር 38፣ ባለቤት ስላለው አይሰጥም።